አባወራ በሺፍት

ጆርጂያ፣ ዲኬተር ውስጥ ዶሮ 12 እግር አለው። አላጋነንኩም፤ የተጠራጠረ ማንኛችንም ቤት ገብቶ ድስት ይክፈት። አገር ቤት ዶሮ ሲበለት 12 ብልት ይወጣዋል፤ እያንዳንዱም ባለቤቱ የታወቀ ነው። ፈረሰኛው የአባወራው ነው፤ ማንም ልጅ እጁን አይሰድበትም። ክንፍና አንገት የደረሰው ልጅ ቤት ውስጥ ስንተኛ እንደሆነ ሌላ አስረጂ አይፈልግም። እዚህ ግን ከሥራ መልስ ሱቅ ጎራ ተብሎ የሚነሣው ፓኮ ሙሉውን እግር ነው፤ ተቆርጦ፣ ታጥቦ፣ በፕላስቲክ ተጠቅልሎ። ገበታ ሲቀርብ አባወራው ፈረሰኛ ፍለጋ በጭልፋ ቢያማስል የሚወጣለት እግር ነው። ለሚስትም እግር፣ ለልጅም እግር፣ ለእንግዳም እግር። አዲስ አበባ ውስጥ በስንት አዋጅና በስንት አውደ ጥናት የተለፋበት እኩልነት ዲኬተር ላይ በአንድ ፓኮ ዶሮ ተጠናቀቀ።

እኩልነቱ ድስቱ ውስጥ ይኑር እንጂ ወጥቶ እንዲወራ ግን ማናችንም አንፈልግም። ኑሯችን ከተለወጠ ቆይቷል፤ ያልተለወጠው ወሬያችን ነው። ጎረቤት ነኝና አያለሁ፤ የአፓርታማችን ግድግዳም ስስ ነውና እሰማለሁ።

የወንዶቹን ሸንጎ ልንገራችሁ። የሌሊት ሺፍት የሚሠሩት፣ የታክሲና የኡበር ሰዎች፣ ኤርፖርት ፓርኪንግ የሚያድሩት እኩለ ቀን ላይ ቡና ቤት ይሰበሰባሉ። መጀመሪያ የአገር ፖለቲካ ይፈታል፤ እሱ ብዙ ጊዜ አይወስድም። ከዚያ ወደ ዋናው አጀንዳ ይገባል፤ ወደ ሴቶቻችን። «እዚህ አገር የገባች ሴት አለቀላት» ይላሉ በዕድሜ የሚበልጡት ጋሼ። «ጎንደር ሳለን ቀና ብላ አታየኝም ነበር። ዛሬ ‹የት ውለህ መጣህ› ትለኛለች።» «911ን ያስተማሯት ቀን ነው የጠፋችው» ይላል ሌላው። «ወንድነታችን ቦሌ ላይ ቀረ» ይላል ሦስተኛው፤ ሁሉም ራሱን ይነቀንቃል። ክርክሩ ጦፎ፣ ወንድነት በምን መንገድ ይመለስ ለሚለው መፍትሔ ሊገኝ ትንሽ ሲቀር፣ ስልኮቹ ተራ በተራ ይጮኻሉ። የትምህርት ቤት አውቶቡስ መድረሻ ሰዓት ነው። አባወራ ሁሉ ስኒውን ጥሎ ይሮጣል። በሩ ላይ አንደኛው ሌላውን ሲለምነው ሰምቻለሁ፤ «ስማ እንጂ፣ ያ የነገርከኝ የሴት ልጅ ፀጉር ማፍታቻ ቅባት ስሙ ማን ነበር?»

ዲካልብ ፋርመርስ ማርኬት ደግሞ ሌላው መድረክ ነው። በፈረንጆቹ 1977 የተከፈተው ይህ ገበያ ጣሪያው በዓለም ባንዲራ የተሞላ፣ ሠራተኛው የሚናገረውን ቋንቋ ደረቱ ላይ ለጥፎ የሚዞርበት ቤት ነው። እዚያ ገብቶ አንድ የሚያውቀው ሰው ሳያገኝ የወጣ አበሻ ካለ ዓይኑን ይመርመር። አመሻሽ ላይ በጋሪ የሚንከራተቱት ወንዶቹ ናቸው፤ ሚስት ሥራ ላይ ናት። ባንድ እጅ ጋሪ፣ በሌላው ስልክ። ችግሩ እዚያ ቤት ፎቶ ማንሣት ክልክል መሆኑ ነው። ስለዚህ አገር ቤት ጎመንን ከሰላጣ ለይቶ የማያውቅ የነበረ ሰው ያየውን ቅጠል በቃል ማስረዳት ግድ ሆነበት። «ሰፋ ያለ ነው... ጠርዙ ጨምደድ ያለ... አይደለም? እሺ፣ አጠገቡ ደግሞ አገዳው ነጭ የሆነ አለ...» ይላል፣ መንገዱ እንደጠፋበት የቅኔ ተማሪ እየተጨነቀ።

እንዲህ እየተጨነቀ ሳለ ከዚያው ከቡና ቤቱ ሸንጎ አንዱ ጋሪውን እየገፋ ከፊቱ ብቅ ይላል።

«እንዴ! አንተ ደግሞ ገበያ?»

«ኧረ እኔ አይደለሁም። ባለቤቴ መኪና ውስጥ ናት፣ እግሯን አሟት ነው።»

«የኔም መኪና ውስጥ ናት። ስልክ እያወራች ነው።»

ሁለቱ ሚስቶች በዚያች ሰዓት ኤሞሪ ሆስፒታል አንድ ፎቅ ላይ ሆነው በሽተኛ ያገላብጣሉ።

ነገሩ እንዴት እዚህ እንደደረሰ ሁላችንም እናውቀዋለን። ሴቷ መጣች፤ እንግሊዝኛው እንኳ ሳይፈታላት ጥቂት ሳምንት ተምራ የነርስ ረዳት ሆነች። ከዚያ ኤልፒኤን፣ ከዚያ አርኤን። የሌሊትና የቅዳሜ እሑድ ሺፍት ሲጨመርበት ደሞዟ ወደ ላይ ሄደ። ወንዱ አገር ቤት ኢኮኖሚክስ ይሁን ሕግ የተመረቀበትን ዲግሪ ሻንጣ ውስጥ እንዳስቀመጠው «ለጊዜው» ብሎ ፓርኪንግ ገባ፤ ያ ጊዜው ይኸው ልጅ ዩኒቨርሲቲ አስገባ። የሕፃን መዋያው ክፍያ አንዱን ደሞዝ ሊውጥ ስለሚደርስ አንዱ ሌሊት አንዱ ቀን ሆነ። ማንም መድረክ ላይ ወጥቶ እኩልነትን አላወጀም። ሺፍት ነው ያወጀው። እሷ ስትወጣ አባወራው እሱ ነው፤ እሱ ሲወጣ እሷ ናት፤ ርክክቡ ፓርኪንግ ላይ ሞተር ሳይጠፋ ይፈጸማል። እንዲህ እየተቀባበሉ ረጅም ዓመት ያሳለፉ ባልና ሚስት ከኔ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አሉ። በአንድ ድግስ ላይ «እናንተ እንዴት ነው ተጣልታችሁ የማታውቁት?» ተብለው ሲጠየቁ ሚስትየዋ «መቼ ተገናኝተን!» አለች። ሰው ቀልድ መስሎት ሳቀ። ባልየው አልሳቀም፤ ሰዓቱን እያየ ነበር።

ይህ ሁሉ ግን አገር ቤት የሚገኙ እናት ቪዛ እስኪያገኙ ድረስ ነው። የባል እናት ሊመጡ ነው የተባለ ዕለት በቤቱ ውስጥ የሚደረገውን ዝግጅት አንድ የቴአትር ቡድን ቢያየው ይቀናል። የአንዱ ጎረቤቴ እናት ከደብረ ማርቆስ ነው የሚመጡት፤ ሲገቡ የሚሰጣቸው ፈቃድ ባብዛኛው ለስድስት ወር ነው። ስድስት ወር ሙሉ ልጃቸው ሽንኩርት ሲከትፍ እንዳያዩት ባልና ሚስት ተማከሩ። ሽርጡ ከኩሽና ወጥቶ ቁም ሣጥን ገባ። እሱ ሶፋ ላይ እግሩን አነባብሮ መቀመጥ ተለማመደ። እሷ «ውሃ ላምጣልህ?» ማለት ተለማመደች። መጀመሪያ ሰሞን ስትለው ደንግጦ «ምነው፣ ምን አጠፋሁ?» ይላት ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት አማረ። በሁለተኛው ሳምንት ሚስት የዕረፍት ፈቃዷ አለቀና ወደ ሌሊት ሥራዋ ተመለሰች። ወጡን ማን ይሥራ? እናት ሲተኙ ባል እግሩን እያሳሳ ይነሣና ሌሊቱን ያቁላላል። ጠዋት እናት ቀመሱና «ይቺ ልጅ! ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ አድራ መቼ ደርሳ ይሄን አቁላላችው? እጇ እንዴት ይጣፍጣል!» አሉ። ባል በኩራት ሊፈነዳ ደረሰ። መናገር አይችልም። ከሰዓት በኋላ መጥቶ ለኔ ነገረኝ፤ «ሰማሽ እናቴ ያለችውን? በሕይወቷ እኮ ማንንም አመስግና አታውቅም!» ሚስትየዋ ደግሞ ባልሠራችው ወጥ መመስገኗን ምንም ሳይከብዳት ተቀበለችው።

ከዕለታት አንድ ሌሊት እናት ለጸሎት ተነሡና ልጃቸውን ሽርጥ እንደታጠቀ ያዙት። ሽርጡ ላይ አበባ አለበት። ልጅ ማማሰያውን እንደያዘ ደረቀ። እሳቸው ቀረብ ብለው ድስቱን አዩና «ሽንኩርቱ ገና ነው፣ ቅቤውን አታጣድፈው» አሉት። ከዚያ ወንበር ስበው ተቀመጡ። «ደብረ ዳሞ ሴት አይወጣበትም። ታዲያ ለመነኮሳቱ ማን የሚያበስል መሰለህ?» ስድስት ወር ሙሉ ሊታይ የታሰበው ቴአትር በዚሁ ተዘጋ፤ ከማግስቱ ጀምሮ እናት የልጃቸውን ወጥ ጨው በዛው ቅመም አነሰው እያሉ ቁም ስቅሉን አሳዩት። ምስጋናው ለሴት ብቻ ነበር ለካ።

«ባህላችን ነው» ለሚሉት የቡና ቤት ወንድሞቼ ደግሞ አንድ ነገር ሹክ ልበላቸው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በአንቀጽ 635 ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም ትታዘዘው ይል ነበር። ወረድ ብሎም ባል ሠራተኛ ሊቀጥርላት ካልቻለ የቤቱን ሥራ ራሷ ትሥራ ይል ነበር። ይህን ሕግ ያረቀቁት ጎጃሜ ሽማግሌ አይደሉም፤ ፈረንሳዊው ፕሮፌሰር ረኔ ዳቪድ ናቸው። የኛው የአማራው አገር ልማድ ሴት ልጅን ከእናቷም ከአባቷም ወገን ርስት ሲያካፍላት የኖረ ነው፤ በሰማንያ የተጋቡ ሲፋቱም ንብረቱን እኩል የሚከፍል ነበር። ወንድሞቼ ይህኛውን ባህል ሲጠቅሱት ሰምቼ አላውቅም። ጆርጂያም ብትሆን የምትፎክርበት የላትም፤ በፈረንጆቹ 1970ዎቹ እንኳ የሕግ መጽሐፏ ባል የቤተሰቡ ራስ ነው፣ ሚስትም የሱ ተገዢ ናት የሚል አንቀጽ ነበረበት። የአሜሪካ ሕዝብ ቆጠራም እስከ 1970ው ድረስ ባል ካለበት ቤት ራስ ብሎ የሚመዘግበው ባልን ብቻ ነበር፤ በ1980 ተወው። አገር ቤት ያ አንቀጽ 635 የተሻረው በ1992 ዓ.ም. በወጣው የቤተሰብ ሕግ ነው። ችግሩ ጋሼ ከዚያ በፊት ነው የወጡት፤ ሕጉን ከነሻንጣው ይዘውት መጡ፣ እንደ ተሻረ የነገራቸው የለም።

አሁን ወንዶቹ «ለራሷም ወገኖች ትናገር እንጂ» ሳይሉ ወደ እኛ ልምጣ። እኛ ሴቶቹ ነፃ ወጣን እንላለን። አገር ቤት አግብታ የአባቷን ስም የጣለች ሴት አላውቅም፤ አያቴ አንድ ቀን ጫማ ሳታደርግ ያለፈች ሴት፣ ባሏን «አንቱ» እያለች የኖረች ሴት፣ በአባቷ ስም ተጠርታ በአባቷ ስም ተቀበረች። እኛ የነፃነት አገር ገብተን፣ ዜግነት የምንቀበል ዕለት «ስምሽን መቀየር ትፈልጊያለሽ?» ስንባል «አዎ!» ብለን የባላችንን አባት ስም ወሰድን። አማታችንን በስልክ እንኳ የምናነጋግረው በግድ ነው፤ ስማቸውን ግን መንጃ ፈቃዳችን ላይ ይዘን እንዞራለን።

ገንዘቡም እንደዚያው ነው። «የኔ ደሞዝ የኔ ነው፣ የሱ ደሞዝ የቤት ነው» የሚለው ሕግ በየትኛው አንቀጽ እንደተጻፈ እንጃ፤ ግን በሥራ ላይ ነው። ባል ለእናቱ ብር ከላከ ቤት ፈረሰ፤ እኛ ለእናታችን ብንልክ ግን ምርቃት ነው። እቁባችንን ማን እንደሚሰበስብ ባሎቻችን አያውቁም። እነሱም ሌላ እቁብ ስላላቸው አይጠይቁም። በዚህ ረገድ ትዳሩ ሰላም ነው።

እኔ ራሴ በእኩልነት ጉዳይ ከተነሣሁ ማንም አያስቆመኝም። ምሳ ግብዣ ላይ ሁለት ሰዓት ስለ ሴት ልጅ መብት ልናገር እችላለሁ። ሂሳቡ ሲመጣ ግን እጄ ቦርሳዬ ውስጥ ይገባና ይጠፋል። ቁልፍ ያገኛል፣ መሐረብ ያገኛል፣ ያረጀ ደረሰኝ ያገኛል፤ የገንዘብ ቦርሳውን የሚያገኘው ወንዱ ከፍሎ ካበቃ በኋላ ነው። የመኪና ጎማ ሲተነፍስም የቅድመ አያቴ ልጅ እሆናለሁ፤ ሽንት ቤት ሲዘጋም፤ ከሁሉ በላይ የጆርጂያ በረሮ ክንፉን ዘርግቶ ሲነሣ። ያኔ እኩልነት የሚባል ነገር ሰምቼ አላውቅም።

ኩሽናውንም ቢሆን ሰጠናቸው አይባልም። ባል ሳህን ያጥባል፣ እኛ እሱ ዞር ሲል ደግመን እናጥበዋለን። ያጠፈውንም ፎጣ ፈትተን እንደገና እናጥፈዋለን። «ምን ልርዳሽ?» ሲል «ተወው፣ ራሴ እሠራዋለሁ» እንላለን፤ ከዚያ ለጓደኛችን ደውለን «አንድ ነገር አይረዳኝም» ብለን እናለቅሳለን። እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ጭራሽ እንለወጣለን። ሲያበስል የዋለውን ሰውዬ በር ሲንኳኳ በክርን ገፍተን ሳሎን እንልከውና ሽርጡን ራሳችን እንታጠቃለን። አንዴ ጎረቤቴ እንዲህ አድርጋ ወጡን ስታቀርብ ከእንግዶቹ አንዷ «ኮረሪማ ጨምረሽበታል?» አለቻት። ጎረቤቴ ዝም ብላ ሳሎኑን አየች። ሳሎኑ ዝም ብሎ በአውራ ጣቱ ምልክት ሰጣት።

አንድ ነገር ግን ወንዶቻችንን ላመስግን። ድሮ ሚስት ስትወልድ ባል ውጭ ተቀምጦ እልልታ ይቆጥር ነበር፤ 7 ከሆነ ወንድ፣ 3 ከሆነ ሴት። አገር ቤት በ2011 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ለአባት የ3 ቀን ፈቃድ ሰጥቶታል፤ አንዱ ለደስታ፣ አንዱ ለድካም፣ አንዱ ለወሬ ይበቃዋል ተብሎ ይሆናል። እዚህ ግን ባል ማዋለጃ ክፍሉ ውስጥ ይገባል፤ ጓንት ተሰጥቶት እትብት ቁረጥ ይባላል። ከጎረቤቶቼ አንዱ፣ ወታደር የነበረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ ሰው፣ መቀሱን ሲያይ ተዘርሮ ወደቀ። ነርሶቹ አራሷን ትተው ወደሱ ሮጡ። እሷ አልጋ ላይ ሆና «እሱ ደህና ነው?» እያለች በገዛ ወሊዷ ቀን አስታማሚ ሆነች። ሰውየው እንደ ነቃ እናቱ ጋ አገር ቤት ደወለ። ሴት መሆኗን ሲሰሙ እናት በስልኩ እልል፣ እልል፣ እልል ብለው አቆሙ። ሰውየው ግንባሩ ላይ በረዶ እንደያዘ «እማዬ፣ አራት ይቀራል» አለ።

ያቺ ልጅና እኩዮቿ ደግሞ ነገ የሚያገቡ ናቸው። ሽማግሌ እንደሆነ አልቀረም፤ መላክ ባይቻል በስልክ ይላካል። በቅርቡ በአንዱ ሽምግልና ላይ ተገኝቼ ነበር። ሽማግሌዎቹ ተነሥተው ቆሙ፣ «ልጃችሁን ለልጃችን» አሉ። የልጅቷ ወገን በደንቡ መሠረት «እንመክርበታለን፣ ቀጠሮ እንስጣችሁ» አለ። እስከ ሰባት ትውልድ አጥንት ተቆጠረ። በቆጠራው መሐል ሙሽራዋ ከጓዳ ብቅ ብላ እጮኛዋን «የዚህን ወር ኪራይ ከፍለሃል እንዴ?» አለችው። ሽማግሌዎቹ ሁሉ አንድ ላይ ጉሮሯቸውን ጠረጉና ከአምስተኛው ትውልድ ቀጠሉ።

ለማንኛውም ልጅ ለመዳር ያሰባችሁ ወገኖቼ፣ ይህቺን ያዙልኝ። የጋብቻ ፈቃድ የሚሰጠው እዚሁ ዲኬተር፣ የዲካልብ ካውንቲ ፕሮቤት ፍርድ ቤት ነው። ክፍያው 56 ዶላር ነው፤ ተጋቢዎቹ 6 ሰዓት የቅድመ ጋብቻ ትምህርት ከወሰዱ ግን 16 ዶላር ብቻ። ሽንኩርት ማቁላላት በትምህርቱ ውስጥ የለምና እሱን እቤት አስተምሩልኝ፣ ወንዱንም። ሴቷንም አትርሷት፤ እሷም አትችልም።